መዳመጫው ሦስት ጊዜ ተሰበረ፦ የፈጠራና ቴክኖሎጂ ክበብ የ2011 ዓ.ም. ዘገባ

በመስከረም ወር፣ ባሕር ዳር ያለው የትምህርት ቤታችን ክበብ በተሰበሰበበት የመጀመሪያ ሐሙስ፣ ለ34 አባላት ባዶ ወረቀት አደልኩና «ዘንድሮ ብንፈታው የምትሉትን አንድ ከባድ ችግር ጻፉ» አልኳቸው። ከወረቀቶቹ ከግማሽ የሚበልጡት አንድ ቃል ብቻ ይዘው ተመለሱ፤ እምቦጭ። ጣና ዳር ላደገ ልጅ ሐይቁን የወረረው ይህ አረም ከመጽሐፍ የተቀዳ ርዕስ አይደለም። አባቱ መረብ የሚጥል አለ፤ አጎቱ ለዘመቻ ወጥቶ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሲነቅል የዋለ አለ። ክርክር ሳያስፈልገን የዓመቱ ሥራችን በዚያው ቀን ተወሰነ።

ቀጥሎ የሥዕል ሳምንት መጣ። በፀሐይ ኃይል የሚሄድ ሮቦት ጀልባ፣ ከአየር ላይ መድኃኒት የሚረጭ ድሮን፣ እንደ ኮምባይነር ውሃ ላይ እየሄደ የሚያጭድ መርከብ። ሁሉንም ግድግዳ ላይ ለጠፍናቸው፤ እስካሁንም አልተነሡም። በ15 ዓመት ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ምኞት ሳይ ደስ ይለኛል፤ ማንም እንዲያኮስሰውም አልፈቅድም። ነገር ግን ከሥዕሎቹ አንዱም ሐይቁ ዳር ወርዶ፣ ሰው ጠይቆ የተሣለ አልነበረም።

ስለዚህ በጥቅምት አጋማሽ፣ በአንድ ቅዳሜ፣ የወላጆች ኮሚቴ ባገኘልን አውቶቡስ ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ ይዘን ፎገራ ወረዳ ገባንና ወደ ሐይቁ ዳርቻ ወረድን። የሩዙ ማሳ ሲያልቅ ውሃ እናያለን ብለን ስንጠብቅ የተዘረጋው አረንጓዴ ሜዳ ነበር፤ ላዩ ላይ ሐምራዊ አበባ ፈክቷል። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ «ሐይቁ የታለ?» አለ። ሐይቁ ፊት ለፊቱ ነበር።

እዚያው ቆመን ስለ ተክሉ የምናውቀውን ተነጋገርን። የትውልድ ቦታው የደቡብ አሜሪካው የአማዞን ተፋሰስ ነው። ጣና ላይ መታየቱ መነገር የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሙቀትና ምግብ ከተስማማው በሁለት ሳምንት አካባቢ ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ዓመታት ይቆያል። የመርከቡን ሥዕል የሣለው ልጅ ሱሪውን ሰብስቦ ወደ ውሃው ገባና ብዙ ርቆ ሄደ፤ ውሃው ግን ጉልበቱን አላለፈም። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ቢሆንም በጥልቁ ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ ዳር ዳሩ ደግሞ ጭቃ ነው። ልጁ ተመልሶ ወጣና «መምህር፣ የእኔ መርከብ እዚህ አይደርስም» አለኝ። በዓመቱ ከሰማኋቸው ንግግሮች እጅግ ካስደሰቱኝ አንዱ ይህ ነው፤ ማንም ሳይነግረው የራሱን ሥራ ራሱ መርምሯልና።

በዕድሜ የገፉ አንድ ዓሣ አስጋሪ አገኙንና ችግሩን በዝርዝር አስረዱን። የደንገል ታንኳ እምቦጭ መሐል ከገባ መቅዘፊያው እንደሚያዝ፣ መረቡም ቀረሶና አምባዛ ሳይሆን ሥር ጠምጥሞ እንደሚወጣ ነገሩን። ልጆቹም የሮቦቱን ሥዕል ዘርግተው አሳዩዋቸው። አዛውንቱ በጥሞና ተመለከቱትና «ልጆቼ፣ ማውጣቱንስ እኛም አወጣነው። ካወጣችሁት በኋላ የት ልታደርጉት ነው?» ብለው ጠየቁ። ባመለከቱት ቦታ በዘመቻ የተነቀለ እምቦጭ ተከምሯል። ከላይ ደርቆ ከሥሩ እንደገና አቆጥቁጧል። ክረምት ገብቶ ውሃው ሲሞላ ክምሩ ተመልሶ ሐይቅ ይገባል። አርቆ ለመጣል ደግሞ ክብደቱ አይቻልም።

ከጉዞው በፊት አንድ ሕግ አውጥቼ ነበር። እምቦጭ በቁራጭ ግንድም በዘርም ስለሚዛመት፣ አፉ በገመድ ባልታሰረ ጆንያ አንዲት ቅጠል እንኳ ከዳርቻው አትወጣም፤ ጫማና መሣሪያም እዚያው ይታጠባል። በዚህ ሕግ 10 ኪሎ መዝነን ይዘን መጣን፤ ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ላይ ዘርግተን ፀሐይ አስመታነው። በስምንተኛው ቀን ሲመዘን 700 ግራም ገደማ ነበር። ሌላው ሁሉ ውሃ ነበር። ገበሬው በጋሪ የሚጭነው፣ ዘማቹ በጀርባው የሚሸከመው ለካ ውሃ ነው! ከዚያ ቀን ጀምሮ የክበባችን ጥያቄ ተለወጠ። «እምቦጭን እንዴት እናውጣ?» የሚለው ቀርቶ «የወጣውን እምቦጭ ዳርቻው ላይ እንዳለ ውሃውን እንዴት እናስለቅቀው?» ሆነ። የግድግዳው ሥዕሎች ሊመልሱት ያልሞከሩት ጥያቄ ነው፤ ለእኛ ጉልበትና ለእኛ ኪስ ደግሞ የሚመጥን።

በዚሁ ሰሞን በየሐሙሱ አንድ የመሐንዲስ ታሪክ እነግራቸው ነበር። ከሁሉ የጠቀመን የፖል ማክሪዲ ታሪክ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የተመራነው በእሱ ስለሆነ በሰፊው ልጻፈው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሄንሪ ክሬመር የተባለ እንግሊዛዊ ባለ ኢንዱስትሪ፣ በሰው ጉልበት ብቻ ተነሥታ 800 ሜትር ገደማ በተራራቁ ሁለት ምሰሶዎች ዙሪያ የ8 ቁጥርን ቅርጽ ሠርታ ለምትበር አውሮፕላን ሽልማት አቀረበ። 18 ዓመት ሙሉ ማንም አልወሰደውም። የሞከሩት ቡድኖች ሰነፎች አልነበሩም፤ ያማሩና የረቀቁ አውሮፕላኖች ሠርተዋል። ችግሩ አውሮፕላኗን ለመሥራት ወራት ይፈጃል፤ አንድ ጊዜ ከተሰበረች ደግሞ ለመጠገን ሌላ ወራት። ስለዚህ በዓመት ውስጥ የሚማሩት ጥቂት ነገር ብቻ ነበር። ማክሪዲ ለዘመድ ብድር ዋስ ሆኖ ከባድ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ወደ 50,000 ፓውንድ ያደገው ሽልማት ዕዳውን እንደሚሸፍንለት አሰላና ተነሣ። ሰማይ ላይ የሚያንዣብቡ ጭልፊቶችንና ጥንብ አንሳዎችን ሲመለከት፣ ክብደት ሳይጨመር ክንፍ እጅግ ቢረዝም በጥቂት ጉልበት መብረር እንደሚቻል ተረዳ። ከአሉሚኒየም ቱቦ፣ ከሽቦና ከስስ ፕላስቲክ የሠራት አውሮፕላን ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር፣ ክብደቷ 32 ኪሎ ገደማ ነበር። ቀስ ብላ ስለምትበር ወድቃም ሰው አትጎዳም፤ በፕላስተር ጠጋግነው ቶሎ መልሰው ያስነሷታል። ሌሎቹ በዓመት የሚማሩትን እነሱ በሳምንት ተማሩት። ነሐሴ 17 ቀን 1969 ዓ.ም. ብራያን አለን የተባለ ብስክሌተኛ በካሊፎርኒያ ፔዳል እየመታ ዙሩን ጨረሰ።

ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት የማይነዳ ተማሪ ማግኘት ያስቸግራልና ታሪኩ ዘልቆ ገባቸው። ሁለተኛውን ሕጋችንን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ የምንሠራው ማንኛውም ነገር ሲሰበር በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ በሚገኝ ዕቃ መጠገን አለበት።

የማሽኑ ሐሳብ የመጣው ከአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። አያቷ ጥጥ የሚዳምጡበትን ብረት አስባ «መዳመጫው ፍሬውን ከጥጡ ካስለቀቀ፣ ውሃውንስ ከእምቦጩ ለምን አያስለቅቅም?» አለች። ሁለት ተሽከርካሪ ግንዶች አንዱን ከሌላው በላይ አድርገን፣ በአሮጌ ብስክሌት ፔዳልና ካቴና የሚዞር መጭመቂያ ሠራን። ስሙም መዳመጫ ሆነ።

የመጀመሪያው በኅዳር ተሰበረ። ግንዶቹን ከባሕር ዛፍ ነበር የጠረብናቸው፤ እምቦጩ ያንሸራትታቸዋል፣ ውሃ ሲጠጡም ተሰነጠቁ። ሁለተኛውን ከብረት ቱቦ ሠርተን እንዲይዝ ቀጫጭን ፌሮ አስበየድንበት። የሰፈራችን በያጅ ዋጋ አልተቀበለንም፤ እዚህ ላይ ላመሰግነው እወዳለሁ። ያም በጥር ተሰበረ፤ ሥሩ ቱቦው ላይ ተጠምጥሞ ካቴናውን በጠሰው። ለሦስተኛው ከላሜራ መፋቂያ ቆርጠን ሥሩን ከቱቦው እንዲልግ አደረግን። መፋቂያው በሚገባ ሠራ፤ ነገር ግን በየካቲት ዳርቻው ላይ ስንሞክረው ጭቃ ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ሙሉ በሙሉ ያዘው።

ያን ዕለት በመመለሻው መንገድ አውቶቡሱ ውስጥ የነበረውን ዝምታ አልረሳውም። በሚቀጥለው ሐሙስ የመጡት 19 ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱም አብዛኞቹ ሁሉንም አፍርሰን ከአዲስ እንጀምር አሉ። ተቃወምኩ። የፋልኮን 1 ሮኬትን ታሪክ የነገርኳቸው በዚህ ጊዜ ነው። ስፔስኤክስ የተባለው ኩባንያ ይህችን ሮኬት ሦስት ጊዜ አስወንጭፎ ሦስቱም ጊዜ ከሽፎበታል። በሦስተኛው፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2008፣ የታችኛው ክፍል ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እንኳ ጥቂት ግፊት ቀርቶት ስለነበር ከተለየ በኋላ የላይኛውን ክፍል ከኋላ ገጨው። መሐንዲሶቹ ሮኬቱን እንደገና አልነደፉትም። ሞተሩ በሚጠፋበትና ክፍሎቹ በሚለያዩበት ጊዜ መካከል ያለውን ቆይታ አራዘሙት። ሁለት ወር ሳይሞላ አራተኛው ምሕዋር ገባ። ከባድ ነገር የሚሠሩ ሰዎችን ከሌላው የሚለያቸው ድፍረታቸው ብቻ አይመስለኝም፤ ሲወድቁ የትኛው ክፍል እንደ ከዳቸው ለይተው ማወቃቸውም ጭምር ነው። የእኛን መዳመጫ የከዳው ኩሽኔታው ብቻ ነበር። ከብስክሌት የውስጥ ጎማ መሸፈኛ ቆርጠን አለበስነው፤ ሌላ ምንም አልነካንም።

በመጋቢት ተመለስን። 10 ኪሎ እምቦጭ ሁለት ጊዜ አልፎ ሲወጣ 5 ኪሎ ተኩል መዘነ። እየተቀያየሩ ፔዳል ከመቱት መካከል ዳርቻው ላይ ማሳ ያላቸው አንድ ገበሬ ነበሩ፤ የወጣውን ገፈራ በእጃቸው አንሥተው «ይኸማ ግማሽ ጋሪ ነው» አሉ። ሐይቁ ላይ ካለው አንጻር የጨመቅነው እፍኝ እንደማይሞላ ልጆቹ ያውቃሉ፤ እኔም ለአንባቢ አልደብቅም። የወጣውን ውሃ ወደ ሐይቁ አልመለስነውም፤ ራቅ አድርገን በቆፈርነው ጉድጓድ ቀበርነው። ይህን ያሳሰበችው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ጭማቂው ተክሉ ከሐይቁ የወሰደውን ምግብ ይዟልና መመለስ የለበትም አለች። ልክ ነበረች።

ሌላ ተማሪም የቪክቶሪያ ሐይቅን ጉዳይ አጥንታ አቅርባልናለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዩጋንዳ ውስጥ እምቦጭን የሚበሉ ነቀዞች ተለቅቀው አረሙ በእጅጉ እንዲቀንስ አግዘዋል። ነቀዝ መልቀቅ የተመራማሪዎች ሥራ ስለሆነ እኛ አልሞከርነውም፤ ጽሑፏ ግን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጧል፤ ይነበብ።

የቀረው ገፈራው ነበር። ከሩዝ ገለባና ከእበት ጋር አመሳቅለን ከሐይቁ በራቀው የግቢያችን ጥግ ኮምፖስት ከመርን። እዚህ ላይ ነው አዲሱ ቴክኖሎጂ በእውነት ያስፈለገን። የእምቦጭ ዘር እንዲሞት የክምሩ መሐል ለቀናት ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መቆየት ስላለበት፣ አርዱይኖ በተባለ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የሚሠራ የሙቀት ሴንሰር በባትሪ አገናኝተን ሰቀልን። ከመስቀላችን በፊት ግን ሴንሰሩ እውነት ይናገር እንደሆነ መፈተን ነበረበት። በረዶ ውስጥ ሲገባ ዜሮ አለ። የፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ 94 አለ። ልጆቹ ሻጩን ሊወቅሱ ተነሡ። ሁለተኛ ሴንሰር ተዋሱ፤ እሱም 94። ሁለት ቀን ሲከራከሩ ከቆዩ በኋላ አንድ ልጅ የፊዚክስ ደብተሩን ይዞ እየሮጠ መጣ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ የአየር ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ ውሃችን የሚፈላው 100 ሳይደርስ ነው። ሴንሰሮቹ ትክክል ነበሩ። እነዚህ ልጆች ይህን ነገር ለፈተና ሸምድደውት ያውቃሉ፤ በዚያ ቀን ግን የራሳቸው አደረጉት።

ክምሩ በስድስተኛው ቀን 58 ዲግሪ ደረሰ። ሲበርድ ገለበጥነው፤ እንደገና ጋለ። የሌሊት ጥበቃችን የቁጥሩን ሰሌዳ በየሁለት ሰዓቱ እያነበቡ በደብተር መዝግበውልናል፤ ያለ እሳቸው የሌሊቱ መረጃ ባልኖረን ነበር።

በግንቦት ኮምፖስቱን ይዘን መንገድ ዳር ችግኝ ወደሚሸጡ ሰዎች ሄድን። ልጆቹ ስለ ሙቀቱና ስለ ሴንሰሩ ሊያስረዱ ተዘጋጅተው ነበር፤ የተጠየቁት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እምቦጭ መደቤ ላይ ቢበቅልስ?» ማንም አልገዛም። ተመልሰን ከኮምፖስቱ ሁለት ገንዳ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን አምስት ሳምንት ጠበቅን። አንድም እምቦጭ አልበቀለም። በሰኔ መጨረሻ ገንዳዎቹን ተሸክመው ሄደው አሳዩ። አንዲት ችግኝ ሻጭ እናት ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ከትተው ጭቃውን አገላብጠው ካዩ በኋላ ሁለት ጆንያ ወሰዱ፤ በልዋጩም 12 የማንጎ ችግኝ ሰጡን። ልንሄድ ስንል መልሰው ጠሩንና «ልጆች፣ በሚቀጥለው ጊዜ ነፍታችሁ አምጡልኝ፤ ገለባው ለፕላስቲኩ አይመችም» አሉ።

ችግኞቹ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ተተክለዋል። በፔዳል የሚነቀነቀው ወንፊት ደግሞ ፍሬሙ ተበይዶ አልቋል፤ ሽቦው ይቀረዋል።