ቀኝ ዓይኔን ላተረፋችሁልኝ

ውድ ወገኖቼ፣

ይህን የምጽፍላችሁ ፊደሉን በሁለቱም ዓይኔ እያየሁ ነው። መስከረም መጀመሪያ ላይ ይህ ቀን ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

እዚህ ሲያትል፣ ዋሽንግተን ሐይቅ ላይ፣ በጓደኛዬ ትንሽ ሸራ ጀልባ ውለን ሌሻይ ወደብ ተመልሰናል። የቀረን ሸራውን አውርደን ጠቅልለን፣ ቡም ከሚሉት አግዳሚ ምሰሶ ጋር ማሰር ብቻ ነበር። ማሰሪያው አገር ቤት ሞተር ሳይክል ላይ ዕቃ የምናስርበት፣ ጫፍና ጫፉ የብረት መንጠቆ ያለው ላስቲክ ነው። አጠረኝና ወደ ፊቴ ሳብኩት። በወዲያኛው በኩል የያዘው መንጠቆ ሾልኮ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ቀኝ ዓይኔን መታኝ።

ጓደኛዬ፣ ወንድሜ፣ እጄን ወደ ዓይኔ ስሰድ ቀድመህ ይዘህ «እንዳታሸው!» አልከኝ። ውሃ አላፈሰስክበትም፤ በጨርቅም አልጫንከውም። የወረቀት ኩባያ ቂጡን ቆርጠህ፣ ዓይኔን ሳይነካ በዙሪያው አጥንት ላይ አስደግፈህ በፕላስተር አጣበቅክልኝ። ሕመሙ ሲጠናብኝ አስፕሪን ብለምንህ «መድማቱን ያባብሳል፣ መጀመሪያ ሐኪም ይይህ» ብለህ ከለከልከኝ። ያኔ ጨከነብኝ ብዬ ተቀይሜህ ነበር። ሐኪሟ በዓይኔ የፊት ክፍል ውስጥ ደም መቋጠሩን ስትነግረኝ ግን አለቀስኩ።

ሐኪሟንና የዓይኔን ግፊት እየተመላለሱ የለኩልኝን ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዳግም እንዳይደማ ራስህን ከፍ አድርገህ ተኛ ስለተባልኩ፣ ባለቤቴ ትራስ ደርድራ፣ ተንሸራትቼ እንዳልወርድ ስትጠብቀኝ ታድር ነበር። ልጆቼን ትምህርት ቤት ያመላለሳችሁ፣ ምግብ ሠርታችሁ የመጣችሁ የእድራችን ሰዎች፣ ውለታችሁ አለብኝ።

ላስቲኩን በኋላ አየነው። የላይኛው ጨርቅ ተበልቷል፤ የውስጡን ጎማ ፀሐይ አድርቆታል። ከቆሻሻ ላይ አንስቶ ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት ቆራርጠን ጣልነው። አሁን ጀልባዋ ላይ አንድም የብረት መንጠቆ የለም። በቀለበትና በፕላስቲክ ኳስ የሚቆለፍ አጭር ላስቲክ አለ፤ ከራሱ ርዝመት ግማሹን ያህል እንኳ ሳይለጠጥ የሚደርስ። ስናስር ከጎኑ ቆመን፣ ፊታችንን ከመስመሩ አውጥተን ነው። ስንፈታም ውጥረቱ እስኪያልቅ ከእጃችን አንለቀውም። ሸራ ለመሰብሰብ፣ ሌሊት ምሰሶውን የሚደበድበውን ገመድ ወደ ጎን ለመያዝ ላስቲክ ጥሩ ነው። መልሕቅና ሰው የሚይዘው ግን ላስቲክ ሳይሆን ለዚያ የተሠራ ጠንካራ ገመድ ነው። እባካችሁ፣ መኪና ላይ ዕቃ የምታስሩም ብትሆኑ መንጠቆውን ወደ ፊታችሁ አትሳቡ።

እማዬ፣ ደብረ ብርሃን ሆነሽ ሌሊት እየተነሣሽ እንደጸለይሽልኝ እኅቴ ነግራኛለች። ለገና ስመጣ በሁለቱም ዓይኔ አይሻለሁ።