ባለ 3.5 ፈረስ ጉልበቱን ረዳት ሞተር ማምጣት ለምን እንዳቆምን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ በጣና ላይ መንጠቆ እየጎተታችሁ ለምታጠምዱና አጥማጅ እንግዶችን ለምታስተናግዱ ባለ ጀልባ ደንበኞቻችን፣

ባለ 3.5 ፈረስ ጉልበት፣ አጭር እግር (ወደ ውሃው የሚወርደው ክፍሉ አጭር የሆነ) ሞተር ማምጣት አቁመን ባለ 6 ረጅም እግሩን ብቻ መያዛችን ብዙዎቻችሁን አስከፍቷል። ለተፈጠረባችሁ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። «ውዱን ሊያሸክሙን ፈልገው ነው» የሚለውን ወሬ ግን ሰምተን ዝም ማለት አልሆነልንም። ስንት ዓመት ሞተራችሁን ፈታተን ገጥመን የሰጠን ሰዎች ነን፤ ከሌላ ሰው ቢመጣ እንዲህ ባልከበደን።

ርካሹ ሞተር ለማጥመዱ ብቻ ቢሆን እኛም ባልተከራከርን። ዓሣ ሲጎተትለት የሚከተለው በሰዓት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ነው፤ ለዚያ 3.5 ፈረስ ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል። ዋናው ባለ 40 ሞተር ይህን ሥራ አይችለውም። በሚኒሞም (በዝቅተኛው ዙር) ቢሆን ማርሽ ሲገባ ጀልባውን ያፈጥናል፤ ባለ ሁለት ምት (ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ) ከሆነ ደግሞ ለሰዓታት በሚኒሞ ሲሠራ ካንዴላው በዘይት ጥላሸት ይያዝና ለመመለስ ጉልበት ሲፈለግ ያነክሳል። ረዳት ሞተር የሚገዛው ለዚህ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ከእናንተ ጋር አንድ ነን።

የምንለያየው መመለሻው ላይ ነው። ከዘጌ ስትመለሱ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ዋናው ሞተር እምቢ ቢል፣ ጀልባውን ቤቱ የሚያደርሰው ያው ትንሹ ሞተር ነው። ስለዚህ የሚመረጠው በማጥመጃው ፍጥነት ሳይሆን በነፋሱ ነው። በልምድ የሚሠራበት ስሌት ለአንድ ቶን ቢያንስ 4 ፈረስ ጉልበት ይላል። ስድስት ሜትር ጀልባ ከነዋናው ሞተሩ፣ ከነነዳጁና ከነአራት ሰዉ 1.2 ቶን ገደማ ይሆናል፤ ወደ 5 ፈረስ ማለት ነው። አሁን ከፍታውን ጨምሩበት። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ነው የተኛው። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ እዚህ ሲደርስ 18 በመቶው ሄዷል። ባለ 6ቱ ወደ 5 ይወርዳል፣ ባለ 3.5ቱ 3 እንኳ አይሞላም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው እንጂ የባሕር ዳር አይደለም!

በዚሁ ምክንያት የምንሸጣቸውን ሞተሮች እንዳሉ አንሰጥም። በስስ አየር ቤንዚኑ ስለሚበዛ የካርቡራተሩን ዋና ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) በአነስተኛ ቀዳዳ እንቀይራለን፣ ፕሮፔለሩንም ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) 6 ወይም 7 ኢንች በሆነ እንተካለን። ፒቹ ዝቅ ሲል ጀልባው በሚኒሞ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ በነፋስ ላይም ሞተሩ አይታነቅም። ይህን ሥራ ከሞተሩ ዋጋ ለይተን አስከፍለን አናውቅም።

ስለ እግሩም ብዙ ተብሏል። አጭሩ 38 ሴንቲ ሜትር፣ ረጅሙ 51 ነው። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባው ወለል ቢያንስ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። አጭር እግር በከፍተኛ የኋላ ሰሌዳ ላይ ሲታሰር፣ ማዕበል የጀልባውን ጀርባ ባነሣ ቁጥር ፕሮፔለሩ አየር ይይዛል፤ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አይገፋም። ማቀዝቀዣውም በውሃ ፈንታ አየር ይስባል፤ የውሃ ፓምፑ ላስቲክ የሚቃጠለው ያኔ ነው። እምቦጭ የውሃ መሳቢያውን ሲደፍነውም ውጤቱ ያው ነው። ከሞተሩ ጎን የሚፈሰው ቀጭን ውሃ ከቀነሰ ወዲያው አጥፉትና መሳቢያውን አጽዱ።

«እንግዲያው ባለ 9.9 አምጡልን» ያላችሁም አላችሁ። እሱ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ባለ 6ቱ ከ25 እስከ 28። በአንድ ጎን ተንጠልጥሎ ትንሽ ጀልባ ያጋድላል፤ በሚኒሞም ይፈጥናል። ከ2 ቶን በላይ ለሆነ ጀልባ በትእዛዝ እናመጣለን። የኤሌክትሪኩ ጸጥታው ደስ ይላል፤ ነገር ግን 55 ፓውንድ የሚገፋው በሙሉ ኃይል 50 አምፔር ያህል ይበላል፤ ባለ 100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ ደግሞ ግማሹ ብቻ ነው በደህና የሚወጣው። አንድ ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ መቅዘፊያ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ ዶላሩ የት እንደደረሰ እናንተም ታውቃላችሁ። ትርፋችንን ቀንሰን ነው የያዝነው፤ ይህን ማስረዳት የሚያስፈልገን አይመስለንም ነበር። ከሌላ ቦታ ብትገዙም ቅር አይለንም (ትንሽ ይለናል)፣ ግን ባለ አራት ምት መሆኑንና የእግሩን ልክ ሳታዩ አትክፈሉ።

አዲሱን ለወሰዳችሁ አንድ አደራ አለን። ዋናው ሞተራችሁ ባለ ሁለት ምት ከሆነ የሁለቱን ቤንዚን በየራሱ ጀሪካን ያዙ፤ ዘይት የተቀላቀለበት ወደ ባለ አራት ምቱ መግባት የለበትም። በማጥመድ ጊዜ ሞተሩ የሚጠጣው በጣም ቀጭን በሆነችው የሚኒሞ ጄት ነው፤ የቆየ ቤንዚን መጀመሪያ የሚደፍነው እሷን ስለሆነ ውሃ የሚለይ ማጣሪያ ግጠሙ። የማጥመጃ ክር በፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ ከተጠመጠመ የዘይት መያዣውን ላስቲክ ይቆርጣል፤ የካምቢዮ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፣ ቶሎ አምጡልን። የሞተር ዘይት መጀመሪያ በ20 ሰዓት፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ይቀየራል።

ለባለ 3.5ቱ ቀብድ የከፈላችሁ ገንዘባችሁ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ባለ 6ቱን የምትፈልጉ ልዩነቱን በሦስት ጊዜ መክፈል ትችላላችሁ፤ ወለድ የለውም። ከመምጣታችሁ በፊት የጀልባችሁን የኋላ ሰሌዳ ከላይኛው ጠርዝ እስከ ወለሉ ለኩልን። 38 አካባቢ ከሆነ ረጅሙን አንሸጥላችሁም፤ ባለ 6 አጭር እግር እናዝዛለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤትና ሠራተኞች
ባሕር ዳር