ሳታነቢ አትፈርሚ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእናትሽን ጉልበት ብቻ ብርድ እያስቸገረው ነው፤ የጦሳን ነፋስ ታውቂዋለሽ።

ወንድምሽ ነገረኝ። የቅጥር ውሉን ሳታነቢ ፈርመሻል አሉ። «ፎርማሊቲ ነው» አልሽው። አምስት ዓመት ሕግ ተምረሽ! ሳታነቢ አትፈርሚ ብዬሽ አልነበር?

የውጫሌን አንቀጽ 17 አልደግምልሽም፤ በልጅነትሽ አሰልችቼሻለሁ። ሌላ ልንገርሽ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብአዊ መብት መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1948 ሲጸድቅ አብዛኛው አፍሪካ ቅኝ ተገዥ ነበር፤ ድምፅ አልነበረውም። በኋላ አስገዳጁ ስምምነት ሲረቀቅ እነ እንግሊዝና ፈረንሳይ አንዲት አንቀጽ ትግባልን አሉ። ስምምነቱን ብንፈርምም ቅኝ ግዛቶቻችንን በቀጥታ አይመለከትም የምትል። ላይዋን ሲያዩዋት የአስተዳደር ነገር ትመስላለች። የእስያና የአረብ አገሮች ግን አነበቧት! በ1950 ጠቅላላ ጉባኤው ጣላት።

በ1960 ብቻ 16 የአፍሪካ አገሮች ድርጅቱን ተቀላቀሉ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተለወጠ። በ1965 የዘር መድልዎን የሚከለክለው ስምምነት ቀድሞ ወጣ። ያ አስገዳጅ ስምምነት ደግሞ በ1966 ሁለት ቃል ኪዳን ሆኖ ጸደቀ። ክፈቺያቸው፤ የሁለቱም አንቀጽ 1 ሕዝቦች ሁሉ ዕድላቸውን በራሳቸው ይወስናሉ ይላል። በ1948ቱ መግለጫ ይህን ብትፈልጊ አታገኚውም። እና «ሰብአዊ መብት ፈረንጅ የሰጠን ነው» ስትዪ እንዳልሰማ።

እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ? በደርግ ጊዜ መሥሪያ ቤት ውስጥ የፊርማ ወረቀት ይዞር ነበር። የሁሉም ስም አለበት። ከሥሩ ፈረምኩ። የላይኛውን ገጽ አልገለጥኩም፤ ለካ አብሮኝ ሻይ የሚጠጣው ሰው የተከሰሰበት ነው። ከሥራ ወጣ። ከዓመታት በኋላ ሸዋ በር ላይ አየሁት። ዳቦ በፌስታል ይዟል። ሰላም ሊለኝ እጁን ሲያነሳ መንገድ ተሻገርኩ። ለእናትሽ እንኳ አልነገርኳትም።

አብሽሪ፣ የኔ እናት። አልተቆጣሁም። ተቆጥቻለሁ እንጂ! የውሉን ኮፒ ዛሬውኑ ጠይቂ። ብትለቂ ቅጣቱ ስንት እንደሆነ እዪ። በቃል ያሉሽን በጽሑፍ ይስጡሽ። እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ መነጽሬን ቀይሬያለሁ፣ አነባለሁ።

በርበሬና ሽሮ በአውቶቡስ ልኬልሻለሁ። ረዳቱ ሲደውል ውጪ። ተረከብኩ ብለሽ ፈርሚ ይልሻል፤ ሁለት ፌስታል ነው፣ ሳትቆጥሪ እንዳትፈርሚ።

አባትሽ፣ ከደሴ