ለሕፃናት ማሳደጊያው ቋሚ ሞግዚቶች፦ ለየካ አባዶ ነዋሪዎች የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ ጎረቤቶቻችንና የእድራችን አባላት፤

በሰፈራችን ያለው የሕፃናት ማሳደጊያ ለእንቁጣጣሽና ለገና ጎብኚ አያጣም። ዳቦ ይቆረሳል፣ ለስላሳ ይከፈታል፣ ፎቶ ይነሳል፣ እንግዳው ይሄዳል። ልጆቹ የሚበሉት አላጡም። ያጡት ዛሬ አጥባ ያስተኛቻቸው ሴት ነገም እንደምትመጣ እርግጠኛ መሆንን ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምንጠይቃችሁ የሞግዚት ደመወዝ ነው።

በቤቱ ከ4 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው 24 ልጆች አሉ። ሞግዚቶቹ በፈረቃ ሁሉንም ስለሚይዙ የአንዱንም ጠባይ በቅጡ ለማወቅ ጊዜ የላቸውም። እንግዳ በገባ ቁጥር ሮጦ እግሩ ላይ የሚጠመጠመውን ልጅ ጎብኚ “እንዴት ያለ ተግባቢ ነው!” ይለዋል። እኛን ግን ያሳስበናል። የኔ የሚለው ሰው ያለው ልጅ እንግዳ ሲያይ መጀመሪያ ዞር ብሎ የራሱን ሰው ፊት ያያል። ጠግቦም ዳቦ ትራሱ ሥር የሚደብቅ አለ። ሲነጥቁት ይብስበታል፤ ክዳን ባለው ዕቃ ዳቦ አልጋው አጠገብ ሲያድር ግን ብዙውን ጊዜ መደበቁን እየተወ ይመጣል።

ነገሩ ትምህርታቸውንም ይነካል። ማን መጣ፣ ማን ሄደ እያለ ሲቃኝ የሚውል ልጅ መምህሩ ያዘዘውን ሦስት ነገር በልቡ ይዞ መቆየት ይከብደዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ቡካሬስት ውስጥ በተጀመረ ጥናት በማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጡ። ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮ ችሎታ መለኪያ በልጠው ተገኙ፤ ከሁሉም በላይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት። የማሳደጊያ ቤት የቤተሰብን ያህል አይሆንም፤ እኛም ይሆናል ብለን አናስመስልም። አሁን በቤቱ ላሉት ግን ሰው ማቆየት ይቻላል።

ሐሳቡ ልጆቹን ስድስት ስድስት አድርጎ በአራት ምድብ መክፈልና ለየምድቡ አንዲት ቋሚ የቀን ሞግዚት መመደብ ነው። ሁለቱ አሉ፤ ሁለት ይጨመራሉ። ሦስተኛ ተቀጣሪ የምትሆነው ተተኪ ናት። ሞግዚት ፈቃድ ስትወጣ ወይም ስትታመም የማትታወቅ ሴት እንዳትገባ፣ ተተኪዋ በየሳምንቱ ከአራቱም ምድብ ጋር ትውላለች። ፈቃድ የምትወጣዋም ልጆቹ ተኝተው ሳለ ሹልክ ብላ አትሄድም፤ የምትመለስበትን ቀን ግድግዳው ላይ ባለው በሥዕል የተሠራ የቀን ሰሌዳ አሳይታ ተሰናብታ ነው።

ለእያንዳንዷ በወር 8,000 ብር፣ ለሦስቱ 24,000 ብር ያስፈልጋል። ይህም በወር 200 ብር የሚከፍሉ 120 ሰዎች ማለት ነው። አንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ገንዘብ ሰጥቶ መቅረት እዚህ ላይ አይረዳም፤ ሞግዚቷ ከስድስት ወር በኋላ ከተሰናበተች ልጆቹ አንድ ሰው ተጨምሮ ጠፋባቸው ማለት ነው፤ ከዚያስ ባትቀጠር ይሻላል። ስለዚህ 120 ሰው ሳይመዘገብና የሦስት ወር ደመወዝ፣ 72,000 ብር፣ ባንክ ሳይገባ ማንንም አንቀጥርም።

በአንድ ጊዜ ለመርዳት የምትፈልጉ ዕቃ መግዛት ትችላላችሁ። 24 የቆርቆሮ ሳጥን ከምናለሽ ተራ፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ የታጠፈ (ያልታጠፈው ጣት ይቆርጣል)፣ ቁልፉ ሁለት መክፈቻ ያለው። አንዱ መክፈቻ ለልጁ፣ ሌላው ለሞግዚቷ። ልብስና ደብተር በጋራ በሆነበት ቤት ልጁ የኔ የሚለው ይህን ሳጥን ነው፤ መክፈቻው አንድ ብቻ ከሆነና ከጠፋ ልጁ እያየ ሊሰበርበት ነው።

ስድስት የገበጣ ገበታም እንፈልጋለን፤ ባለ 12 ጉድጓድ፣ የአንዱ ስፋት 7፣ ጥልቀቱ 3 ሴንቲ ሜትር። ጉድጓዱ ከዚህ ካነሰ ጠጠሩ እየዘለለ ቆጠራው ያጣላል። ገበጣ ጠጠሩን ከማንሳት በፊት የመጨረሻው የት እንደሚያርፍ በልብ ማስላትን ያስለምዳል። ለጀማሪ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር ይበዛል፤ በሁለት ሁለት፣ በ24 ጠጠር ይጀመር። ተሸንፎ ጠጠሩን የሚበትን ልጅ አይባረርም፤ ሞግዚቷ “ተናደድክ” ብላ አጠገቧ ታስቀምጠውና ለሚቀጥለው ዙር ይመለሳል። አኩኩሉ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም፤ “ነጋ” ከተባለ በኋላ ፈላጊው እስኪያገኝ ድረስ ድምፅን አፍኖ መቆየት ለችኩል ልጅ ጥሩ ልምምድ ነው።

አያት ወይም አክስት ያላቸው ልጆች ስላሉ፣ ዘመድ መጥቶ እንዲያያቸው የትራንስፖርት ወጪ የሚሸፍንልን ካለም እንቀበላለን፤ ልጁ አንድ ቀን ወደ ቤተሰቡ የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ በዚህ በኩል ነው። ያገለገለ ልብስ ግን ለጊዜው ይብቃን፤ መጋዘኑ ሞልቷል። ልጆቹን ፎቶ ማንሳትም አይፈቀድም፤ ትልቅ ሰጪም ይሁን።

ምዝገባው ቅዳሜ ከ3 እስከ 6 ሰዓት በእድሩ ጽሕፈት ቤት ነው። ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ይሰጣል፤ የወሩ ገቢና ወጪም ወር በገባ በ5ኛው ቀን ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል።