ለጉልበትዎ የለካሁት መንገድ

አባባ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? እህቴን ስጠይቃት "ደህና ናቸው፣ ደረጃ ብቻ ነው የሚያስቸግራቸው" ትለኛለች። እርስዎ ደግሞ ስደውል "ደህና ነኝ፣ ሥራሽን ሥሪ" ይሉና ስልኩን ለልጆቹ ያቀብላሉ። ለዚህ ነው የጻፍኩት። ደብዳቤ ሲሆን አያቀብሉብኝም።

ባለፈው እሑድ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ወደ ጅሬን ወጣሁ። ፋሲካ ላይ "ጅማ ይምጡና አብረን እንውጣ" ስልዎ ምን እንዳሉኝ አልረሳሁም። "ምን ቀረ እዚያ? ደግሞስ በየትኛው ጉልበቴ?" ሁለቱንም ጥያቄ ይዤ ነው የሄድኩት።

የጉልበቱ ይቅደም፣ ቀላል ስለሆነ። ከመሀል ከተማ እስከ ጅሬን 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰባቱንም ላስኬድዎ አላሰብኩም። ሜዳ ሜዳውን በእግር፣ አቀበቱን በባጃጅ። ከገበያው ተነስቼ የአዌቱን ወንዝ ይዤ ስሄድ፣ የእርስዎን እርምጃ እያሰብኩ ቀስ ብዬ ተራመድኩ። አረፍ የሚሉበትንም ቦታ እየቆጠርኩ ነበር። ድልድዩ ጋ ለመቀመጫ የሚሆን ድንጋይ አለ። ትንሽ አለፍ ሲሉ አንዲት ሴት ጀበና ቡና ታፈላለች። ወንበሮቿ ፕላስቲክ ናቸው (ፊትዎን ከዚህ ሆኜ አየሁት)። እሷ ራሷ ግን የተቀመጠችው ባለ ሦስት እግር የዋንዛ በርጩማ ላይ ነው፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለው ዓይነት። "አባቴን ይዤ ስመጣ በእሱ ላይ ታስቀምጪልኛለሽ?" አልኳት። ሳቀችና "ይምጡ ብቻ" አለች። ቦታዎ ተይዟል ማለት ነው።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። የጅማን ዝናብ መቼም ለእርስዎ አልነግርዎትም። ጥላ አልያዝኩም፤ ሮጬ አንድ ሰው የማይኖርበት የጣሊያን ጊዜ ቤት በረንዳ ውስጥ ገባሁ። እዚያው ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምኩ። ትንሽ ልጅ ሆኜ በአጠገቡ ስናልፍ ቆም ብለው አንገትዎን ቀና የሚያደርጉበት ቤት ነው፣ ወይም እሱን የሚመስል። የድንጋይ ደረጃው እንዳለ ነው። ከግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ አንድ ዛፍ በቅሎ ጣሪያውን አልፏል። ኮርኒሱ ወርዷል። ከመስኮቶቹ የእንጨት መዝጊያዎች አንዱ በአንድ ማጠፊያ ብቻ ተንጠልጥሎ፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር ቋ ቋ ይላል። መዶሻ ይዘው ቢሆን ኖሮ ዘበኛውን ሳያስፈቅዱ ይመቱት ነበር። ዘበኛው እንኳ ዝናቡ እስኪያባራ ምንም አላለኝም፤ ሲያባራ "በይ እህቴ፣ ቤቱ ሊወድቅ ይችላል" ብሎ ሸኘኝ።

እዚያ ቆሜ አንድ ነገር ገረመኝ። ጣሊያን በ1928 ገብቶ በ1933 ወጣ። ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ አድርጎ መንገድና ቤት ሲሠራ የቆየው አምስት ዓመት ብቻ ነው። ቤቶቹ እየፈረሱ ነው። ቃላቱ ግን በእርስዎ በአናጢው የሥራ ኪስ ውስጥ ቀሩ፦ ጣውላ፣ ሞራሌ፣ ኮርኒስ፣ ፌሮ፣ ላሜራ። ሁሉም የጣሊያን ነው። እኔ የአማርኛ ይመስሉኝ ነበር። ለካ ማታ ማታ ራት ላይ ስለ ሥራዎ ሲያወሩ ግማሹ በጣሊያንኛ ነበር! እንግዲህ ጣሊያንኛ እችላለሁ ብዬ ልፎክር ነው።

ከዚያ ባጃጅ ይዤ አቀበቱን ወጣሁ። ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር ነው፣ ዝናብ ስለመታው ቅጠሉ ያብረቀርቃል። ዛፍ ላይ ሁለት ጉሬዛዎች ተቀምጠው ጅራታቸው እንደ ነጭ ነጠላ ተንጠልጥሏል። ባለ ባጃጁ ቆም አድርጎ አሳየኝ። ሒሳብ ግን አልቀነሰልኝም።

የአባ ጅፋር ቤት እንደምታውቁት ነው። ይቅርታ፣ እንደሚያውቁት። (አስተማሪዬ ደብዳቤ ስንጽፍ "አንተና እርስዎ አታቀላቅሉ" ትለን ነበር፤ እኔ ደግሞ ይኸው እናንተ እያልኩ ጨመርኩበት።) ፎቁ፣ ሰፊው በረንዳ፣ የተፈለፈለው እንጨት። አስጎብኚው የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 እንደነገሡ ነገረን። ለምኒልክ ግብር እየገበሩ አገራቸውን ከጦርነት እንዳተረፉም አወራ። ጎረቤታቸው ከፋ በ1897 በምኒልክ ጦር ተወርሮ የደረሰበትን ስናስብ ቀላል ነገር አይደለም። እርስዎ ይህን ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚጨርሱት፦ "ጦር ስላልገባ ነው እንጨቱ የቆመው።" ያኔ ስለ ንጉሥ እንጂ ስለ እንጨት መስማት አልፈልግም ነበር። በረንዳው ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ ወደ ላይ ሲያዩ፣ እኔ "እንሂድ፣ ራበኝ" እያልኩ እጅዎን እጎትት ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

እሑድ ዕለት ግን ማንም አልጎተተኝም። ዋልታውንና ወራጁን አየሁ። አንዱ እንጨት በሌላው ውስጥ እንዴት እንደገባ አየሁ። ሳላስበው ጣቴን አጥፌ ቋሚውን ኳ ኳ አደረግኩ፣ እርስዎ እንደሚያደርጉት። አስጎብኚው "ምን እያዳመጥሽ ነው?" አለኝ። "አባቴ አናጢ ነው" ከማለት ሌላ መልስ አላገኘሁም። ደግሞም አላውቅም። "ምስጥ የበላው ባዶ ማሰሮ ይመስላል" ይሉኝ ነበር፤ ከቋሚዎቹ አንዱ ድምፁ ከሌሎቹ ለየት ያለ መሰለኝ። የበላው ነው? ወይስ የሌላ ዛፍ እንጨት ነው? ዋንዛና ዝግባ በድምፅ ይለያያሉ ብለውኝ አልነበር? ስመለስ መንገዱን ሙሉ ይህንን ሳስብ ባጃጅ መያዝ ረስቼ ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩ። ከታች የከተማው ቆርቆሮ ሁሉ ከዝናብ በኋላ ያበራ ነበር።

ስለዚህ "ምን ቀረ እዚያ?" ላሉት፣ አንድ ቋሚ ቀርቶልዎታል፤ መጥተው ያዳምጡልኝ።

መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አውቃለሁ። ወልቂጤ ላይ ይወርዱና እግርዎን ያፍታቱ። ረቡዕ ቢገቡ ሐሙስ ገበያውን እናያለን፣ አርብ ያርፋሉ፣ ቅዳሜ እንወጣለን። ቋሚውን በስልክ ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ ልጆቹ ያሳዩዎት። በስልክ አይሰማም እንዳይሉኝ ብቻ፤ እኔም እሱን ነው የምለው።

ሜትርዎን ይዘው ይምጡ፤ ድሮም ጫፉን የምይዘው እኔ ነኝ። መዶሻውን ግን እዚያው ይተዉት። ዘበኛው ደግ ሰው ነው፣ ችግር ውስጥ እንዳናስገባው።

ልጅዎ፣
ከጅማ