ለመስፍን፣ ስለዚያ ፈረሰኛ ጄኔራል

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ ለመስፍን። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጠፋፋን ብዙ ዘመን ሆነን፤ ወቀሳውን ስንገናኝ እንካፈለዋለን።

ብዕር ያስነሳኝ ያ ሳንቋጨው የቀረው ክርክራችን ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረሰኛን ወደ መትረየስ የነዱት የጀርመን ጄኔራሎች ሁሉ ጊዜ ያለፈባቸው ግትሮች ነበሩ ትል ነበር። እኔ ግን ሰሞኑን የጌኦርግ ፎን ደር ማርቪትስን የጦር ሜዳ ታሪክ ስከታተል ሰንብቼ፣ ፍርድህ ለአንድ ቀን ውሎው እንጂ ለሰውየው እንደማይበቃ ተረዳሁ።

ማርቪትስ በ1856 እ.ኤ.አ. በፖሜራንያ የተወለደ፣ ከጦርነቱ በፊት የፈረሰኛው ጦር ዋና ኢንስፔክተር የነበረ ሰው ነው። አንተ የምትይዝበት ቀን ኦገስት 12 ቀን 1914 ነው። ሁለተኛውን የፈረሰኛ ኮር (ብዙ ክፍለ ጦር ያቀፈ ጦር) ይዞ ቤልጅግ በገባ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ ጦሩ በጌተ ወንዝ ዳር ያለችውን ሐለን የምትባል መንደር ያዘ፤ ከመንደሯ ወዲያ ግን የቤልጅጉ ጄኔራል የደ ቪት ፈረሰኞች ከፈረሳቸው ወርደው፣ ከብስክሌተኛ ወታደሮች ጋር ጠመንጃና መትረየስ ደግነው አድፍጠው ነበር። የጀርመን ፈረሰኞች ከሦስት ሜትር በላይ የሚረዝመውን የብረት ጦር ይዘው ደጋግመው ጋለቡ። ማሳው በሽቦ አጥርና በቁጥቋጦ የተከፋፈለ ስለነበር፣ ጥይት የሳተው ፈረስ ሽቦው ላይ እየተጠለፈ ወደቀ። ወደ ማምሻው ማርቪትስ ጦሩ እንዲያፈገፍግ አዘዘ። በእኔ ግምት ጥፋቱ መሬቱን አስቀድሞ አለመሰለል ነው፤ ዋና ሥራው ስለላ ለሆነው ፈረሰኛ ደግሞ ይህ ከግትርነት ይብሳል።

ከዚያ በኋላ ወደ እግረኛ ጦር ተዛወረ፣ በካርፓቲያ ተራሮች ሩሲያን ተዋጋ፣ በ1916 መጨረሻም በምዕራብ ግንባር የሁለተኛው ሰራዊት አዛዥ ሆነ። ክርክርህ የሚላላው እዚህ ላይ ነው። ኖቬምበር 20 ቀን 1917 እንግሊዞች በሰሜን ፈረንሳይ በምትገኘው በካምብሬ ከ400 በላይ ታንክ በአንድ ጊዜ አሰልፈው ግንባሩን ሲሰብሩበት፣ በአገራቸው ለድሉ የቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ። እሱ ግን ከየቦታው የተላከለትን ክፍለ ጦር አሰባስቦ፣ በኖቬምበር 30 በትናንሽ ቡድን ሰርጎ በሚገባ እግረኛ መልሶ አጠቃና ከተነጠቀው መሬት ብዙውን አስመለሰ። ዕቅዱ የእሱ ብቻ አልነበረም፤ ቢሆንም ጊዜ ያለፈበት ሰው ይህን አይፈጽምም።

ኦገስት 8 ቀን 1918 በፈረንሳይ ከተማ በአሚያን ፊት ለፊት የደረሰበትን አልክድህም። በጉም ተሸፍነው ከመጡት ከ500 በላይ ታንኮች ጋር ካናዳውያንና አውስትራሊያውያን የሰራዊቱን መስመር በጣጠሱት፤ ከጀርመን ጦር የበላይ መሪዎች አንዱ የነበረው ሉደንዶርፍም ቀኑን የጀርመን ጦር ጥቁር ቀን አለው። የሚገርመው፣ በተከፈተው ቀዳዳ እየጋለበ የገባው የእንግሊዝ ፈረሰኛ ነበር! ማርቪትስ በሴፕቴምበር ወደ አምስተኛው ሰራዊት ተዛውሮ፣ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ አሜሪካኖችን ሲከላከል ቆየ።

ሐለንን ይዘህ እንደምትመጣብኝ አውቃለሁ፤ እኔ ደግሞ ካምብሬን ይዤ እጠብቅሃለሁ። መልስህን አታዘግይብኝ፤ ለቤተሰብህ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ወዳጅህ