ለባለሙያ የተጻፈ መጽሐፍ ተበላሽቶ ስለመታተሙ የቀረበ ቅሬታ

ጎንደር፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለመጽሐፌ አሳታሚ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የመጽሐፉ ሥርጭት ቆሞ በትክክል እንደገና እንዲታተም ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

በውላችን መሠረት ያሳተማችሁት የፕሮግራሚንግ መጽሐፌ ጎንደር ደርሶ ፒያሳ ባሉ መጻሕፍት መሸጫዎች መታየት ከጀመረ ወዲህ ስልኬ ዕረፍት አጥቷል። የሚደውሉልኝ ምሳሌዎቹ አልሠራ ያሏቸው፣ የሠሩላቸውም የተሳሳተ ውጤት ያገኙ አንባቢዎች ናቸው። ለሕትመት ክፍሉ ኃላፊ በስልክ ሳስረዳ «የፊደል ግድፈት ነው፤ ማረሚያ ገጽ እናስገባለን» ተባልኩ። ጉዳዩ በማረሚያ ገጽ የሚታለፍ ስላልሆነ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

መጽሐፉ የተጻፈው ለዓመታት ኮድ ሲጽፉ ለኖሩ ሰዎች ነው። የባንክ ሥርዓት የሚጠብቁ፣ የሆስፒታል መዝገብ የሚያለሙ፣ ሌሊት ሰርቨር ቆመ ተብለው የሚቀሰቀሱ ባለሙያዎች አሉን። እነዚህ ሰዎች ተለዋዋጭ (ቫሪያብል፣ በፕሮግራም ውስጥ ዋጋ የሚያዝበት ስም) ምን እንደሆነ እንዲነገራቸው አይፈልጉም። የሚፈልጉት ከሁለት የሚሠሩ መንገዶች የትኛው ጭነት ሲበዛ እንደሚሰበር፣ ለምን እንደሚሰበርና ስብራቱ ከመድረሱ በፊት በምን እንደሚታወቅ ነው። እንዲህ ያለ አንባቢ የታተመውን ኮድ እንዳለ ገልብጦ ይሞክራል፤ መጽሐፉን የሚመዝነውም በዚያ ነው። ኮዱ ከከዳው ሐተታውን አያምንም፤ አለማመኑም ልክ ነው።

አሁን ወደ ብልሽቱ ልምጣ። አራሚያችሁ በኮዱ ውስጥ ያሉትን ሥርዓተ ነጥቦች ከሞላ ጎደል ሁሉ ወደ አማርኛ ቀይረዋቸዋል። ቀጥ ያሉት የጥቅስ ምልክቶች «» ሆነዋል፣ ኮማው ፣ ሆኗል፣ በመስመር መጨረሻ ያለው የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ (:) ደግሞ የአማርኛው ፡ ሆኗል። ለልቦለድ ቢሆን ትጋታቸውን አመሰግን ነበር። ምሳሌዎቹ የተጻፉበት የፕሮግራም ቋንቋ ፓይተን ግን ከእነዚህ አንዱን እንኳ ቢያገኝ የማላውቀው ምልክት ነው ብሎ ፕሮግራሙን ከመጀመሩ በፊት ያቆመዋል። በዚህ ምክንያት ከአብዛኞቹ ምሳሌዎች የሚገኘው የስህተት መልእክት ብቻ ነው።

ይህ ቢያንስ ራሱን ያጋልጣል። እንቅልፍ የነሣኝ ከገጽ 143 ወደ 144 የሚሻገረው ምሳሌ ነው፤ በአጋጣሚ ምልክቶቹ ሳይነኩ አልፈዋል። ምዕራፉ ሁለት ትሬዶች (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች) በአንድ የባንክ ሒሳብ ላይ በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ስለሚፈጠር ስህተት ያስተምራል። በምሳሌው አንዱ ትሬድ ሌላው ሒሳቡን እንዳይነካ የሚከለክለውን መቆለፊያ ይይዛል፣ ቀሪ ሒሳቡን ያነባል፣ ወጪውን ቀንሶ መልሶ ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ይለቃል። በፓይተን አንድ መስመር በመቆለፊያው ውስጥ መሆኑ የሚታወቀው ከግራ በኩል ባለው ባዶ ቦታ ነው። የተለመደው አራት ባዶ ቦታ ነው። ገጽ አቀናባሪው ቅጠሉን ሲያሻግር በገጽ 144 አናት ላይ የዋለውን የመጻፊያ መስመር ወደ ግራ ስቦ ከመቆለፊያው መስመር ጋር እኩል አሰልፎታል። በዚህም ማንበቡ በመቆለፊያው ውስጥ፣ መጻፉ ከመቆለፊያው ውጭ ሆነ። ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ቅሬታ ይሠራል። ነገር ግን 1000 ብር ካለበት ሒሳብ አንዱ 300፣ ሌላው 200 ሲያወጡ 500 ሊቀር ሲገባው አንዳንድ ጊዜ 700፣ አንዳንድ ጊዜ 800 ይቀራል። ምዕራፉ ተጠንቀቁ የሚለውን ስህተት ራሱ ምዕራፉ አስተማረው ማለት ነው። አንድ አንባቢ ደውሎ «መምህር፣ እንዳለ ገለበጥኩት፤ ሒሳቡ ግን አንዴ ይስማማል፣ አንዴ አይስማማም» አለኝ። ይህን ኮድ አምኖ ሥራ ላይ የሚያውል ሰው ቢኖር የሚጎድለው የሰው ገንዘብ ነው። ይህን «የፊደል ግድፈት» ብሎ መጥራት አይቻልም።

የግእዝ ፊደልን ስለመፈለግና ስለመደርደር የሚያስረዳው ምዕራፍም አልተረፈም። የግእዝ ፊደል ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው መለያ፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው፤ እነዚህ ቁጥሮች በፋይል በሚቀመጡበት ዘዴ፣ በዩቲኤፍ 8፣ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት (የኮምፒውተር ማከማቻ መለኪያ) ይይዛል፤ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያየ ቁጥር አላቸው። ስለዚህ በ«ጸሐይ» የተመዘገበን ስም በ«ፀሐይ» የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ይህን ለማሳየት ሁለቱን አጻጻፍ ጎን ለጎን በሠንጠረዥ አስቀምጬ ነበር። አራሚው አጻጻፉን አንድ ወጥ ለማድረግ በሁለቱም ዓምድ «ፀሐይ» ብለው ጻፉ። ከሠንጠረዡ በታች «እነዚህ ሁለቱ ለኮምፒውተር አንድ አይደሉም» የሚለው ዐረፍተ ነገሬ እንዳለ ታትሟል። አንባቢው ስለ እኔ ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ግን አርታዒያችሁ ያለ ፈቃዴ የወሰኑት ነው። የፕሮግራምን ፍጥነት ከመገመት ይልቅ ስለመለካት የጻፍኩትን ምዕራፍ «ለገበያ ይከብዳል» ብለው አወጡት፤ በቦታው ኮምፒውተር ምንድን ነው የሚል መግቢያ ጨመሩ፤ ሽፋኑ ላይም «ለጀማሪዎች» የሚል ቃል አሳተሙ። ጎንደር የጉባኤ ቤት አገር ናት፤ ቅኔ ተቀኝቶ ያስመሰከረን ተማሪ ፊደል ቁጠር የሚለው የለም። ጀማሪው ሽፋኑን አምኖ ሲገዛ በሦስተኛው ምዕራፍ ይጠፋል፤ ባለሙያው ሽፋኑን አይቶ ሳይገልጠው ያልፋል። ሁለቱንም አሳዝነናል። ባለሙያ አንባቢ ቁጥሩ ትንሽ ነው መባሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን ውል ከመፈራረማችን በፊት መነሳት የነበረበት ጉዳይ ነው።

የሕትመት ክፍሉ ኃላፊ «ፈርመህበታል» ብለውኛል። የፈረምኩት ጽሑፉ ለገጽ ቅንብር ከመግባቱ በፊት በነበረው ረቂቅ ላይ ነው። ውላችን ከቅንብር በኋላ ያለው የመጨረሻ ፕሩፍ (ከመታተሙ በፊት የሚታይ ናሙና) ለደራሲው ተልኮ ሳይጸድቅ ወደ ማተሚያ እንደማይገባ በግልጽ ይናገራል። ያ ፕሩፍ አልተላከልኝም። ኮዱን በሙሉ ለየብቻው በፋይል አስረክቤያችሁ ነበር፤ እያንዳንዱንም አስሂጄ ፈትኜዋለሁ። ቀድቶ መለጠፍ ብቻ በበቃ ነበር። ከዚህም ሌላ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ክብሩንና ስሙን የሚጎዳ ለውጥ በሥራው ላይ ሲደረግ ደራሲው የመቃወም መብት እንዳለው ደንግጓል።

ስለሆነም በእጃችሁና በመሸጫዎች ያለው ቅጂ ሽያጩ ባስቸኳይ እንዲቆም፣ መጽሐፉ የወጣው ምዕራፍ ተመልሶ፣ የተጨመረው መግቢያና የሽፋኑ ቃል ተነሥቶ በድርጅቱ ወጪ እንደገና እንዲታተም፣ ኮዱ ካስረከብኳችሁ ፋይል በቀጥታ ተወስዶ ለፊደሎቹ እኩል ስፋት በሚሰጥ ፎንት እንዲቀመጥና አራሚ እንዳይነካው፣ የመጨረሻው ፕሩፍም ተልኮልኝ ሳልፈርምበት እንዳይታተም እጠይቃለሁ። ቀድመው የገዙ አንባቢዎች የያዙትን መልሰው አዲሱን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲወስዱ ይደረግ፤ ጎንደር ላሉት የመሰብሰቡን ሥራ እኔ ራሴ አግዛለሁ። ደብዳቤው በደረሳችሁ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት እወስዳለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የመጽሐፉ ደራሲ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦ ለሕግ አማካሪዬ